ወረፋ የሚይዙት ኃላፊ

የጋሽ ኑርዬን ሞት የሰማሁት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ምሳ ምን እንደምበላ እያሰብኩ ነው። ለሳቸው መርዶ የሚመጥን ሁኔታ አልነበረም፤ ግን እንዲያ ሆነ። ጅዳ ባለው የጤና መሥሪያ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ አዲስ አማካሪ የመጪዎቹን ዓመታት የመረጃ ሥርዓት ዕቅድ በትልቁ ስክሪን ያሳየናል። ከአሁን ወዲያ በየክሊኒኩ የታካሚ ፋይል የሚከፈተው የጣት አሻራ ለሰጠ ሰው ብቻ ይሁን ይላል። ማንም አልተቃወመም። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደክሞኝ ስለነበር ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። በዚህ መሃል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሩቂያ ናት፣ ከአገር ቤት፣ ከሐይቅ ከተማ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ የድምፅ መልእክቷን ከፈትኩት። «ሰዓዲ፣ ጋሽ ኑርዬ ወደ አኺራ ሄዱ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አልቅሰሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ» ትላለች።

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ» የሳቸው አነጋገር ነው። እሷም እኔም ከሳቸው አፍ ነው የወሰድነው። የውኃ ማቀዝቀዣውን ተደግፌ አለቀስኩ። ሩቂያ ማን እንደሆነች ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ስለሳቸው ልናገር።

ጋሽ ኑርዬ የደሴ ሰው ናቸው። አካላቸው በር የሚሞላ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ልጃገረድ ቀጭን ነበር። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ወሎ ውስጥ፣ ከየጤና ኬላው የሚመጣ የወረቀት ሪፖርት ሲደምሩ ነው። ሪፖርቱ ተደምሮ፣ ተጠርዞ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ዓመት ቁምሳጥኑን ሲያጸዱ፣ በአንድ ገጠር ቀበሌ ሕፃናት በኩፍኝ መታመማቸውን የሚናገር ወረቀት አገኙ። ወረቀቱ በጊዜው ደርሷል፣ በጊዜው ተደምሯል፣ በጊዜው ተቆልፎበታል። «ኩፍኙን ቁምሳጥን ውስጥ አገኘሁት» ይሉ ነበር። ሲያወሩት ፊታቸው ይለወጣል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥያቄ ያዙ፤ እስከ መጨረሻውም አለቀቋቸውም። ማንም ሰው አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ሲስተም፣ አዲስ ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣባቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ይሄን ማን ያነበዋል?» ይላሉ። ሰውየው የአንድ ኃላፊ ስም ከጠራ ደግሞ «አንብቦስ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ብዙው ሰው ሁለተኛው ላይ ይወድቃል።

እየሠሩ ተምረው በኮንትራት ጅዳ መጡ፤ የመሥሪያ ቤታችን የመረጃ ዕቅድ ክፍል ኃላፊም ሆኑ። ዐረብኛቸውን የተማሩት በልጅነታቸው ደረሳ ሆነው ከኪታብ ስለነበር፣ ስለ ኮምፒውተር ሲናገሩ እንኳ የጁምዓ ኹጥባ ይመስላል። ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ፈገግ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቆይቶ ግን ሁሉም አደብ ገዝቶ ያዳምጣል።

እኔ ያን ጊዜ መካ፣ መንሱር ሠፈር ባለ ክሊኒክ መስኮት ላይ ተቀምጬ ታካሚ የምመዘግብ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ግዙፍ ሐበሻ ገብተው የወረፋ ቁጥር ወስደው ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ቁጥሩን አጠገባቸው ላለች ሴት ሰጥተው ሌላ ቁጥር ወሰዱ። እሱም ሲደርስ እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ፣ ወረፋ መጫወቻ ነው እንዴ? ምንድን ነው ጉዳይዎ?»

«ጉዳዬ ማየት ነው» አሉኝ።

«የዓይን ሐኪም የሚመጣው ሰኞ ነው!»

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እንደገና ተቀመጡ እንጂ አልሄዱም። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ መስኮቴ ላይ አንዲት የሎሚ ከረሜላ አስቀመጡልኝ። ምስኪን ሽማግሌ ናቸው ብዬ በላኋት። በሁለተኛው ቀን ከጅዳ ዋናው መሥሪያ ቤት ትፈለጊያለሽ ተባልኩ።

ለምን እንደምፈለግ አውቄዋለሁ። ጥፋቴን ልናገር። ሲስተሙ አሥር አኃዝ ያለው የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቁጥር ካልተጻፈበት የማንንም ፋይል አይከፍትም ነበር። እኛ ዘንድ ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ደግሞ ከመዳሟ ቤት የወጡ፣ ወረቀታቸው ባስመጣቸው አሠሪ፣ በከፊሉ፣ እጅ የቀረ ናቸው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ማንንም ወረቀት አይጠይቅም። እንቢ የሚለው ኮምፒውተሩ ነው። አንዲት እርጉዝ እህት በር ላይ ቆማ «አትመልሽኝ» ስትለኝ ጊዜ፣ የራሴን ኢቃማ ቁጥር ጻፍኩላት። ከዚያ ለሌላዋ ጻፍኩ፣ ከዚያም ለሁሉም። ስምም የሚጠራጠረኝ እንዳይኖር የራሴን ነበር የምጽፈው። በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ሌሊት ደኅና እተኛ ነበር።

ቢሮው ስገባ እኚያው ሽማግሌ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። «ተቀመጪ» አሉኝ። «ባለፈው እዚያ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ለሴቶቹ ካርድ ሳትጠይቂ ቁጥር ትጽፊ ነበር። ሰው በቃሉ የሚያውቀው የራሱን ቁጥር ነው። መጥቼ ያንቺን ፋይል ከፈትኩት።» ከዚያ አንድ የታተመ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። «ሰዓዳ፣ በዚህ ዓመት አራት ጊዜ አርግዘሻል። ሁለት ዓይነት ደም አለሽ። ቁመትሽም በአንድ ሳምንት አንድ ስንዝር ጨምሯል።»

ከድንጋጤ ብዛት ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አስቀመጡ።

«ይቺ ማን ናት?»

መስመሩ ላይ የአንዲት ሴት የአክታ ምርመራ ውጤት አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባታል። በአራተኛው ቀን ሌላ ሴት በዚያው በኔ ቁጥር ተመርምራ ነፃ ሆናለች። ሲስተሙ ለሐኪሙ የሚያሳየው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው። ጤነኛዋ በሽተኛዋን ሸፈነቻት፤ ማንም ደውሎ አልጠራትም። ሦስት ሳምንት አልፏል።

«ስሟስ?» አሉኝ።

ስሟን አላውቀውም። ስሟን ሳልጠይቅ ስሜን ነው የሰጠኋት። ያን ቀን የራሴን መባረርም ሆነ መታሰር ረሳሁት። አንዲት ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ከሰዎች መሃል ተኝታ እየሳለች፣ ስላልተጠራች ነፃ የሆነች መስሏታል። ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ብጠብቅም፣ ከረሜላ አውጥተው ፊቴ አኖሩና «አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ፤ ሥራ አለን» አሉኝ።

በዚያ ቀን እየሳለች የመጣችው አንዲት ናት፤ የማስታውሰው ይሄን ብቻ ነበር፤ አነጋገሯ የሐይቅ ልጅ አነጋገር ነው፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ ከመስኮቴ የቁስል ፕላስተር ሰጥቻት አሥራበታለች፤ እዚያው መካ፣ ሩሰይፋ ሠፈር፣ ከሴቶች ጋር እኖራለሁ ብላለች። «በቂ ነው» አሉ። በምኑ በቂ እንደሆነ እኔ አልታየኝም።

ሩሰይፋ ሄደን ሐበሾች በሚገበዩበት ሱቅ አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን እኔ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ሴቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩን መንገድ ይቀይራሉ። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ኑርዬ «መጠየቁን ተዪው» አሉኝ። ደብተራቸውን አውጥተው፣ በየቁራጭ ወረቀቱ ስማቸውንና ስልካቸውን እየጻፉ ለሚያልፈው ሁሉ ማደል ጀመሩ።

«እህቶቼ፣ የናንተን ስም አልጠይቅም፤ የኔን ያዙ። ኑርዬ እባላለሁ። ቤቴ ጅዳ፣ ባላድ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ነው። አንዲት የሐይቅ ልጅ ታስላለች፤ መድኃኒቷ እኛ ዘንድ ነው። ፖሊስ ይዤ የመጣሁ እንደሆነ ቤቴን ታውቁታላችሁ።»

አንዷ ከበር ኋላ ሆና «ጀዋዛት ብትሆንስ?» አለች፤ ወረቀት የሌለውን የሚይዘውን ፖሊስ ማለቷ ነው።

«ጀዋዛት መጥቶ ቤቱን ነግሮሽ ያውቃል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ወረቀቱን ግን ያዙ። በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ አንዲት ሴት በእጇ ጠቅሳን ወደ አንድ ጓሮ መራችን። አምስት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል ጥግ፣ ፍራሽ ላይ፣ አጥንቷ ወጥቶ አገኘኋት። ገና እንዳየችኝ «የፕላስተሯ!» አለች። ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስሟን ነው። ሩቂያ አለችኝ።

አብረዋት የሚኖሩትም ተመረመሩ፤ አንደኛዋ ተይዛ ስለነበር ሁለቱም መድኃኒት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ቅጣቴን ተቀበልኩ። በኔ ቁጥር የተጻፈውን እያንዳንዱን መስመር ከባለቤቱ ጋር እንዳገናኝ አዘዙኝ። ሳምንታት ፈጀብኝ፤ ያላገኘኋቸውም አሉ። ስለነሱ እስካሁን አስባለሁ።

ከዚያ የዕቅድ ስብሰባው መጣ። የአምስት ዓመቱ የመረጃ ሥርዓት ዕቅድ የሚጸድቅበት ነው፤ ጋሽ ኑርዬ ቃለ ጉባኤ ያዢ ብለው ከኋላ አስቀመጡኝ። ዕቅዱ ላይ ሁለት ነገር ጨምረዋል። አንደኛ፣ ኢቃማ የሌለው ሰው ፋይል ይከፈትለት፤ ክሊኒኩ የራሱን ቁጥር ይስጠው። ሁለተኛ፣ የነዚህ ሰዎች ዝርዝር ከጤና መሥሪያ ቤቱ አይውጣ፤ ለማንም አይተላለፍ።

አንድ አባል ተነሥቶ «ያለ ኢቃማ ቁጥር መረጃው ይቆሽሻል» አለ።

ጋሽ ኑርዬ ስሜን ሳይጠሩ ያንን የኔን ፋይል በዚያ የኪታብ ዐረብኛቸው አነበቡት። አራቱን እርግዝና፣ ሁለቱን ደም፣ የጨመረውን ቁመት፣ በመጨረሻም የሩቂያን አክታ። መጀመሪያ የሳቀው ሁሉ አክታው ላይ ሲደርሱ ሳቁን አቆመ። «ንጹሕ የምትሉት መረጃ ይሄ ነው» አሉ። «ኢቃማ አለው፣ አሥሩም አኃዝ ትክክል ነው።»

የመሥሪያ ቤቱ ሙዲር፣ የሁላችንም የበላይ ኃላፊ፣ ተቆጡ። «ይሄን የጻፈው ሠራተኛ ማን ነው? ዛሬውኑ ይባረር!»

ጋሽ ኑርዬ ከቦርሳቸው አንድ ያረጀ ወረቀት አወጡ። «ኢቃማ የሌለው ፋይል አይከፈትለት ብሎ የፈረመው ይቅደም፤ ከሱ ቀጥሎ የሠራተኛዋ ተራ ነው» ብለው ለሙዲሩ ሰጧቸው። ሙዲሩ ፊርማውን አነበቡና ቀና ብለው አዩዋቸው። ፊርማው የጋሽ ኑርዬ ነው። የመጀመሪያውን ዕቅድ፣ ገና እንደመጡ፣ ከዚሁ ሕንፃ ሳይወጡ የጻፉት እሳቸው ነበሩ። «ያን ጊዜ ወረፋ አልያዝኩም ነበር» አሉ። ወረፋ መያዝ ከየት እንደመጣባቸው የገባኝ ያኔ ነው።

እኔን ማንም አላባረረኝም። ዕቅዱ ግን አልጸደቀም። ሙዲሩ «ኻላስ፣ ሌላ ጊዜ እናየዋለን» ብለው ዘጉት። ኮሪደር ላይ «በቃ፣ አለቀ» አልኳቸው።

«ምኑ? ሌላ ጊዜ ነው ያሉት፤ ሌላ ጊዜ ማለት ማክሰኞ ነው» አሉኝ።

በየማክሰኞው ሄዱ። ስምንት ወር። የሙዲሩ ጸሐፊ በር ላይ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ወረፋ ይይዛሉ። እስከዚያው ደግሞ ሥራው አልቆመም፤ ቶማስ የሚባለውን ሕንዳዊ የኮምፒውተር ባለሙያችንን ሁለቱንም የሚያሟላ ሲስተም እንዲሠራ አዘዙት። ቶማስ ክርስቲያን ስለሆነ መካ መግባት አይችልም፤ ከመንሱር ወረፋ ያመለጠ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። «ጅዳም ወረፋ ሞልቷል» ብለው እዚያው አንድ ክሊኒክ ግማሽ ቀን አስቀመጡት። ሲመለስ የሠራውን ግማሹን አፍርሶ እንደገና ጀመረው።

በአምስተኛው ወር ሙዲሩ ለዘብ አሉ፤ የመጀመሪያውን ሐሳብ ተቀበሉ፣ ሁለተኛውን ግን ተዉት አሉ። ጋሽ ኑርዬ እንቢ ብለው ወጡ። ያን ቀን ተጣላኋቸው። ከነጭራሹ ከመቅረት ግማሹ አይሻልም ወይ፣ ግትርነት ነው እንጂ ብዬ ጮኽኩባቸው። ጠብቀው ጠብቀው ስጨርስ «ሩሰይፋ ደረጃ ላይ ስሜን ሰጥቻለሁ፤ ሰው ጠርቼ አላስረክብም» አሉኝ። ንዴቱ ግን ቶሎ አልወጣልኝም።

በስምንተኛው ወር ሙዲሩን አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ መንሱር ሄደው አንድ ጠዋት ወረፋ ይያዙ። ሙዲሩ ከሰለቹ የተነሣ ይመስለኛል፣ ብቻቸውን መጡ፤ ቁጥር ወስደው ሴቶቹ መሃል ተቀመጡ። አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ልጅ አዝላ መስኮቴ ደረሰች። ደንቡን እንዳልጥስ ተነግሮኛልና ኢቃማ ጠየቅኳት። ዞራ ወጣች። ሙዲሩ ተነሥተው ተከትለዋት ሮጡ፤ ልጁን ራሳቸው ይዘው ወደ ሐኪሙ አስገቡ። በሳምንቱ ሁለቱንም ፈረሙ።

የጋሽ ኑርዬ ውል ያለቀው በዚያው ሰሞን ነው። አልታደሰም። ምክንያቱን ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ እስካሁንም እናደዳለሁ። በሚሄዱበት ዋዜማ፣ አዲሱ ሲስተም መንሱር ላይ ሥራ በጀመረበት ጠዋት፣ መጥተው ቁጥር ወሰዱ። የዚያን ቀን ተራቸውን ለማንም አልሰጡም።

«ስም?» አልኳቸው፣ እንባዬን ውጬ።

«ኑርዬ።»

«ኢቃማ?»

«ማፊ! የለም!» አሉ እየሳቁ። የመውጫ ቪዛቸው ተመትቶ ካርዳቸውን አስረክበዋል። ስክሪኑ ላይ የኢቃማውን ሣጥን ባዶ ትቼ ተጫንኩት። ፋይሉ ተከፈተ። በአዲሱ ሥርዓት ያለ ኢቃማ የተከፈተው የመጀመሪያው ፋይል የሳቸው ነው። ስክሪኑን በመስኮቱ አጮልቀው አዩትና «ያላ፣ ቀጣይዋን ጥሪ፤ ሰው አታስቁሚ» አሉኝ። ከኋላቸው ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ነበረች።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ጅዳ ዕቅድ ክፍል እንድዛወር ጽፈውልኝ ነበር። እኔ መዝጋቢ ነኝ፣ ዕቅድ ምን አውቄ ብላቸው «ስህተቱን ከውስጥ ታውቂዋለሽ፤ ቀሪውን ትማሪዋለሽ» አሉኝ። ተማርኩት። ሩቂያም መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ድና፣ አገሯ ገባች፤ ከሐይቅ ደሴ እየተመላለሰች ስትጠይቃቸው ቆየች።

መርዶውን የሰማሁ ዕለት፣ ፊቴን ታጥቤ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። አማካሪው አሁንም ስለ አሻራው ያስረዳል። እነዚያ ሴቶች አሻራ የሚሰጡት ተይዘው፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ጣታችሁን መስተዋት ላይ አስቀምጡ የሚል ክሊኒክ ደጃፍ እንደማይደርሱም አያውቅም። እጄን አነሣሁ።

«ይሄን አሻራ ማን ያነበዋል?»

አማካሪው የሲስተሙን ስም ጠራ። «ሲስተሙን አይደለም፤ ሰው» አልኩት። «አንብቦስ ምን ያደርጋል?» ቶማስ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ሲል አየሁት። «ነገ መንሱር ሄደን ወረፋ እንያዝና ከዚያ እንወስን» አልኩ። ሙዲሩ ጺማቸውን ዳሰሱና «ስንት ሰዓት ላይ?» አሉ።

ቢሮዬ ገብቼ ያንን የመጀመሪያ ፋይል ከፈትኩት። እንደተከፈተ መተው አማረኝ፤ ግን የሞተ ሰው በሕይወት አለ ብሎ የሚመዘግብ ፋይል ቢያዩ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኝ ነበር። ሩቂያ ጋ ደወልኩ።

«ሩቂ፣ መቼ ነው ያረፉት?»

«ትናንት፣ ከዙህር በፊት። ምን ልታደርጊው ነው?»

«ፋይላቸውን ልዘጋ ነው። ትክክለኛው ቀን ይጻፍ ብዬ ነው።»

እያለቀሰችም እየሳቀችም «ማን ያነበዋል?» አለችኝ።

«እኔ።»

«አንብበሽስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ነገ በጠዋት መንሱር ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ» አልኳት።